ሰማንያ ባቄላ

በለጥሻቸው መሞቷን የሰማሁት ደብረ ብርሃን ቅዳሜ ገበያ፣ ሽንኩርት ስመርጥ ነው። መርዶ በማለዳ ቤት ድረስ ተሂዶ የሚነገረው ለዘመድ ነው። እኔ የድሮ ጎረቤት እንጂ ዘመድ ስላልሆንኩ ማንም አላሰበኝም። ከአንኮበር የመጣችው ሽንኩርት ሻጭ፣ "እንዴ፣ አልሰማሽም? ያች እንቅርቷን ጀርመን አገር ድረስ ሄዳ የታከመችው ወይዘሮ በለጥሻቸው አረፈች እኮ! ሐሙስ ቀበርናት" አለችኝ፣ ሽንኩርቱን ዘንቢሌ ውስጥ እየጨመረች።

ምን ልዋሽ! መጀመሪያ ከሆዴ የወጣው "ወይኔ" አልነበረም። "በዚህም ቀደመችኝ" ነው ያልኩት። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ያለቀስኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ሌላው ሰው የማይረሳውን ሰው ሲያወራ የሚወደውን ያወራል። እኔ የቀናሁባትን ነው የማወራው። የምወዳቸው ሰዎች ፊት ከዓይኔ እየጠፋ ነው፤ የእሷን ግን አረማመዷን፣ ሳቋን፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ የምትጥልበትን ሁኔታ እስከ ዛሬ አንድ በአንድ አውቀዋለሁ። ስሟንስ አያችሁት? በለጥሻቸው! እናት ልጇን እንዲህ ብላ ስትሰይም ጎረቤት ምን ይሁን ብላ ነው?

ደብረ ብርሃን ቤታችን አንድ አጥር ብቻ ነበር የሚለየው። እኔ የስፌት መኪና ነበረኝ፤ የተማሪ ልብስ፣ የሙሽራ ቀሚስ፣ ያገኘሁትን እሰፋለሁ። ባለቤቴ የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ስለነበር ከወር ሦስቱን ሳምንት ሜዳ ነው። እሷ የአንኮበር ልጅ ናት፤ ባሏ ሞቶባት፣ ልጅም ሳትወልድ ቀርታ፣ ብቻዋን የበግ ፀጉር እየፈተለች ለባና ብርድ ልብስ ሠሪዎች ታስረክባለች። ረጅም ናት። በልጅነቷ የተነቀሰችው ሦስት መስመር ንቅሳት አንገቷን ዙሪያውን ይከበዋል። ከንቅሳቱ ሥር ደግሞ የዶሮ እንቁላል የምታህል እንቅርት ነበረቻት። በእኛ አገር እንቅርት ያለባት ሴት ብርቅ አይደለችም፤ በሌላዋ ላይ ግን በሽታ ነው የሚመስለው፣ በእሷ ላይ ጌጥ መሰለ። ይኸም ያናድደኝ ነበር።

ፊደል አልቆጠረችም። በቁጥር ግን የሚደርስባት አልነበረም። ሁዳዴ ሲገባ ሃምሳ አምስት ባቄላ ቆጥራ በቅል ታስቀምጣለች። በየቀኑ አንድ አንድ እያወጣች ለዶሮዎቿ ትወረውራለች፤ ቅሉ ባዶ ሲሆን ፋሲካ ነው። ፍልሰታም፣ ጾመ ነቢያትም፣ የዘመድ ተዝካርም እንዲሁ በባቄላ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ቀን የጠፋበት ሰው ሁሉ "እስቲ በለጡን ጠይቋት" ይል ነበር። እሷም ቅሏን ነቅነቅ አድርጋ "አሥራ ሁለት ቀርቶታል፤ አትቸኩሉ" ትላለች። "አትቸኩሉ" ማለት ትወድ ነበር። እኔ ደግሞ መቸኮል ሙያዬ ነው።

ልጄን ሙሉነሽን የወለድኩት ሁለት ከጨነገፉብኝ በኋላ ነው። እሷንም ስወልድ ትኩሳት ያዘኝና ሁለት ወር ሙሉ አልጋ ላይ ዋልኩ። ልጄን ያጠበች፣ ያዘለች፣ ለማጥባት ብቻ እያመጣች ደረቴ ላይ ያስተኛችልኝ በለጥሻቸው ናት። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ የክርስትና እናቷ ሆና ያቀፈቻትም እሷ ናት። ያኔ ምን ቅናት አለ? እጇን እስም ነበር። ከሙሉ በኋላ ማህፀኔ ልጅ አልያዘም፤ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።

ነገሩ የመጣው ልጅቷ አፏን ስትፈታ ነው። እኔን ሰው ሲጠራኝ እንደሰማችው "የውቤ" አለችኝ፤ የውብዳር ነው ስሜ። እሷን "እማዬ" አለቻት። ሰፈሩ ሳቀ፣ ባለቤቴም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ጥርሴን ነክሼ። እኔ መኪናዬ ላይ ጎንበስ ብዬ እየሰፋሁ ቀና ስል ልጄ የለችም፤ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ሄዳለች። ስትወድቅ የምትሮጠው ወደዚያ፣ ሲርባት ወደዚያ፣ ሲነጋ ዓይኗን ሳትጠርግ ወደዚያ። "የውቤ፣ እማዬ እኮ እንዲህ አለች፣ እማዬ እኮ እንዲህ አደረገች!" ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ነው የምሰማው።

አንድ ቀን እደጃፏ ተቀምጣ የሙሉን ፀጉር ሹሩባ ስትሠራት ደረስኩ። ልጅቷ ከእኔ ዘንድ ስትሠራ ታለቅሳለች፤ እዚያ ጭኗ ላይ ተኝታ ትስቃለች። አልቻልኩም። "የሰው ወርቅ አያደምቅ፣ እትዬ በለጡ" አልኳት።

እጇ አላቋረጠም። "እውነትሽን ነው የውቤ። ወርቁ ራሱ እየመጣ ጉያዬ ሲገባ ግን ምን ላድርገው?" አለችና ሳቀች። የምር ሳቀች እኮ! ክፋት የለበትም፤ ተንኮል ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። ቤቴ ገብቼ በንዴት ሁለት መርፌ ሰበርኩ።

ሙሉ ስድስት ዓመት ሲሞላት የበለጥሻቸው እንቅርት ባሕርዩ ተለወጠ። እንደ ድንጋይ ጠጠረ። ድምጿ ጎረነነ፣ መተኛት አቃታት። ጠበል ተጠመቀች፤ ጨው እሰሪበት፣ ቅባት እሺበት ያላለቻት ሴት የለችም። የጤና ጣቢያው ድሬሰር በእጁ ዳሰሰውና "አዲስ አበባ ሂጂ፤ ዛሬ ነገ አትበይ" አላት።

አዲስ አበባ ቀደዷት። ሊያስተኟት ሲሉ ማተቧን ሊቆርጡት መቀስ አነሡ አሉ፤ "ማተቤን ከቆረጣችሁ አንገቴንም አትንኩት" ብላ ተነሥታ ቁጭ። በመጨረሻ ፈትተው እጇ ላይ አሰሩላት። ስትመለስ አየኋት፤ ጠባሳው ንቅሳቷን ለሁለት ከፍሎት፣ ሲሰፉት የግራው መስመር ከቀኙ ሳይገጥም ቀርቷል፣ አንዱ ወጣ አንዱ ወረደ ብሎ። እኔ ብሰፋው ኖሮ እገጥመው ነበር! እንዲህ ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያም ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አንገቷ በመበላሸቱ ደስ አለኝ።

ደስታዬ ሳምንት አልቆየም። እንቅርቱ ነቀርሳ ነው አሉ። ያውም አንገቷ ላይ ብቻ አልቀረም፣ ራጅ ሲያነሷት ሳንባዋ ውስጥ ዘሩ ተገኘ። ሴቶቹ "በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ!" እያሉ ከንፈር መጠጡ። መድኃኒቱ እዚህ አገር የለም፤ ጀርመን አገር ሜካኒክ የሚማር ታናሽ ወንድም ነበራትና ስንት ደጅ ተጠንቶ፣ ስንት ወረቀት ተጽፎ፣ የመስቀል ሰሞን ሄደች። ሙሉ ሦስት ቀን አለቀሰች። ከእጄ አልበላም አለች። የወለድኳት እኔ፣ ያማጥኩ እኔ፣ ከእጄ አልበላም!

ያን ጊዜ የጸለይኩትን ለንስሐ አባቴ እንኳ ለመናገር ዓመታት ፈጅቶብኛል። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ "አድናት" ብዬ ሻማ አበራሁ። ከሻማው ሳልርቅ ደግሞ "አድናትና እዚያው አስቀርልኝ" አልኩ።

የጥምቀት ሰሞን ተመለሰች። አውቶቡሱ ሲደርስ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ከስታለች፣ ፊቷ ግን ብርሃን አለው። ሙሉ ከእጄ አፈትልካ "እማዬ!" እያለች ሮጠች። በለጥሻቸው ሁለት እጇን ወደ ፊት ዘረጋች፤ ልታቅፋት ነው ብዬ ፊቴን ላዞር ስል፣ "ሙሉዬ፣ እዚያው ቁሚ! አትጠጊኝ!" ብላ ጮኸች። ወደ ኋላ ማፈግፈጓስ! ልጅቷ መንገድ መሃል ደርቃ ቀረች። እኔ ደረስኩና አቀፍኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቴ ሥር ገብታ አለቀሰች። ሙቀቷ እስከ አሁን አንገቴ ላይ አለ።

በማግስቱ በለጥሻቸው ብቻዬን አስጠራችኝ። ደፏ ላይ ስደርስ "እዚያው በሩ ላይ ተቀመጪ፤ አትቅረቢኝ። የምነግርሽን ለማንም አትንገሪ፤ ሰው እሳት ያለባት ናት ብሎ ውሃ ቢከለክለኝስ?" አለችኝ። ከዚያ ነገረችኝ።

"ያ ክፉ ዘር አዮዲን ይወዳል አሉ። ከብት አሞሌ ሲያሳዩት ከየሜዳው እንደሚሰበሰብ ነው ብሎ ወንድሜ ተረጎመልኝ። ሳንባ ውስጥ ቢደበቅ፣ አጥንት ውስጥ ቢደበቅ፣ አዮዲን ሲያገኝ አይችልም፣ ይጠጣዋል። እነሱ ደግሞ አዮዲኑ ውስጥ የማይታይ እሳት አድርገውበታል። እየጠጣ ይቃጠላል።"

"አዮዲን? ያ ድሬሰሩ ቁስል ላይ የሚቀባው?"

"ስሙ እሱ ነው፤ ይኸኛው ግን ጨረር አለው። አይሸት፣ አይጣፍጥ፣ ውሃ በይው። ከእርሳስ ከተሠራ ወፍራም ሣጥን ውስጥ አወጡት። ሐኪሙ በረጅም መቆንጠጫ ይዞ 'ጠጪው' አለኝ! አየሽ፣ እሱ በእጁ ሊነካው የፈራውን እኔን በሆድሽ አስገቢው ይለኛል።" ሳቀች። "ከዚያ በሩን ዘጉብኝ። ምግቤን ነርሷ ደፍ ላይ አስቀምጣ ትሸሻለች። በየቀኑ አንድ ሰውዬ እንደ ተልባ የሚንጣጣ ትንሽ መሣሪያ ይዞ ይመጣና ከሩቅ ይደቅንብኛል፤ መንጣጣቱ ሲቀንስ እሳቱም ቀነሰ ማለት ነው። ዘጠኝ ቀን፣ የሰው እጅ ሳይነካኝ። ብርዱስ አይነሳ! መድኃኒቱን ከመጠጣቴ በፊት፣ ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ የምውጠውን ኪኒን ስላስቆሙኝ፣ ስንት ሳምንት ሰውነቴ እንደ እባብ በረደ፣ ምላሴ እንኳ ተንቀራፈፈብኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። 'ቤት አንዲት ልጅ አለችኝ፣ መቼ ነው የማቅፋት?' ብዬ ወንድሜን አስጠየቅሁት። ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር ጨረሩ ክፉ ነው፤ ጥቂት ሳምንት ራቂያት አለ ሐኪሙ። ጥቂት ማለት ስንት ነው? አልኩ። ሦስት፣ ቢበዛ አራት። ለወንድ ልጅ ነው ለሴት? ብለህ ጠይቅልኝ ስለው ወንድሜ አፈረ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠይቅም ብሎ እምቢ አለኝ። እኔው አሰብኩ እንግዲህ። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ አይደል ክርስትና የምትነሳው? የሐኪሙ ቁጥር ለወንድ ቢሆንስ? የመንገዱን ቀን ሳልቆጥር፣ ደጄን ከረገጥኩበት ቀን ጀምሬ ሰማንያ ቀን ብጠብቅ ማን ይጎዳል?"

ከጎኗ የነበረውን ትንሽ ቅል በእግሯ ገፋ አድርጋ ወደ እኔ አስጠጋችው። "ሰማንያ ባቄላ ነው። በንጹሕ ሰው እጅ ነው ያስቆጠርኩት፣ አትፍሪ። ለሙሉ ስጫትና ንገሪያት። እማዬ መድኃኒት ጠጥታ ነው፤ በየቀኑ አንድ አንድ ጣይ፤ ሲያልቅ ትመጣለች በያት። እኔ ልነግራት አልችልም የውቤ። ዓይኗን ካየሁ እጄ አይታዘዘኝም። አንቺ እናቷ ነሽ፣ ካንቺ ስትሰማው ይሻላል።"

"እሺ" አልኩ። ቅሉን ይዤ ወጣሁ።

ሁለት ቀን ሣጥን ውስጥ ደበቅኩት። እነግራታለሁ፣ ዛሬ እነግራታለሁ እያልኩ። በሦስተኛው ቀን ሙሉ ከአጥሩ ሥር ቆማ "እማዬ" እያለች በቀዳዳው ታጮልቃለች። በለጥሻቸው ፀሐይ ልትሞቅ ወጥታ ነበር፤ ድምጿን ስትሰማ ዞራ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እያለቀሰች መሆኑን አውቃለሁ። ሙሉ ወደ እኔ ዞረችና "የውቤ፣ ለምንድን ነው የማታየኝ?" አለችኝ።

በዚያች ሰዓት ቅሉን አምጥቼ ብነግራት አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። እኔ ግን "ፈረንጅ አገር ደርሳ ኮርታ መጣች። ልጅ መንካት ተጠይፋለች። አይዞሽ፣ አንቺ እናት አለሽ" አልኳት። ከዚያ ገብቼ ምጣድ ጣድኩ። ሰማንያውን ባቄላ ቆላሁት፤ ጨው ነስነስ አድርጌ በሰሃን ሰጠኋት። ዕንባዋ ጉንጯ ላይ ሳይደርቅ ቆረጠመችው። እኔም አብሬያት ቀማመስኩ።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ቀናት፣ አቤት! ስፌቴን ትቼ ሹሩባ እሠራታለሁ፣ ገበያ ይዣት እሄዳለሁ፣ ተረት እነግራታለሁ። በሁዳዴው አጋማሽ ላይ አንድ ቀን፣ ክር እያጠነጠነችልኝ፣ ሳታስበው "እማዬ" አለችኝ። መኪናዬን አቁሜ "ምን አልሽ?" አልኳት፣ ደግማ እንድትለው። ደገመችው። የዚያን ቀን የሰፋሁት ቀሚስ እጅጌው ተገልብጦ ነው የወጣው፤ ደንበኛዬ ስትጮህብኝ እኔ እስቅ ነበር።

ሰማንያው ቀን የፋሲካ ሳምንት ላይ ሞላ። በለጥሻቸው ገላዋን ታጥባ፣ ነጭ በነጭ ለብሳ፣ ልጅ ክርስትና እንደምታነሣ ሴት ሆና በሰፊው በር መጣች። እጆቿን ዘርግታ "ሙሉዬ! ሰማንያው ሞላ!" አለች። ድምጿ ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ እንዲህ ጠርቶ ሰምቼው አላውቅም።

ሙሉ ቀሚሴን ይዛ ከኋላዬ ተደበቀች። ቀና ብላ አየችኝና "እማዬ፣ ሰማንያው ምንድን ነው?" አለች።

በለጥሻቸው እጇን እንደዘረጋች ቀረች። "እማዬ" የተባልኩት እኔ መሆኔን ሰማች። እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ልጅቷን አየች። ቀስ ብላ ቁጢጥ አለችና "ባቄላውስ የኔ ልጅ? በየቀኑ አንድ አንድ የምትጥይው?" ብላ ጠየቀቻት።

"በላሁት" አለች ሙሉ። "እማዬ ቆላችልኝ።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አሁን ትጮሃለች፣ አሁን ጎረቤት ትጠራለች፣ አሁን ታዋርደኛለች ብዬ ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። ቀስ ብዬ በለጥሻቸውን አየኋት። የማይገጥመው የንቅሳቷ መስመር ላይ ደም ሥሯ ሲመታ አየሁት። ከዚያ "ጣፈጠሽ?" አለቻት።

"አዎ።"

"እሰይ፣ የኔ ልጅ።" የተዘረጉትን እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ አስገባቻቸው። ተነሥታ ሄደች።

ሦስት ቀን ጠበቅኩ፤ ምንም የለም። ለባለቤቴ አልነገረች፣ ለንስሐ አባታችን አልነገረች። ዝምታዋ ቢያንገበግበኝ ራሴ ሄድኩ። እንዝርቷን እያሾረች ነበር። "ለምን አልሰደብሽኝም?" አልኳት፣ እኔው ተቆጥቼ!

"ምን ብዬ? እናትሽ ውሸታም ናት ብዬ ለስድስት ዓመት ልጅ ልንገራት? ከዚያ ወዲያ ማንን ትመን?" እንዝርቷን አቆመች። "ሐኪሞቹ መድኃኒቱ ሁለት ዓመት ቢጨምርልሽ ትልቅ ነገር ነው ብለውኛል። የምትቀሪላት አንቺ ነሽ የውቤ። አልከፋኝም አልልሽም። ከፍቶኛል፣ በጣም ከፍቶኛል። ግን አንቺን ከእሷ ልብ አውጥቼ እኔ አልገባም። አንቺው ንገሪያት፣ ሲሆንልሽ።"

"እነግራታለሁ" አልኩ። ወጥቼ ስሄድ ምን ብዬ እንዳሰብኩ ታውቃላችሁ? አመስግኜ እንዳይመስላችሁ። በዚህም በለጠችኝ፣ ብዬ ነው የተቃጠልኩት። በአንገት ቀናሁባት፣ በልጅ ቀናሁባት፣ አሁን ደግሞ በደግነቷ! ተሳድባ ቢሆን ኖሮ እኩል እንሆን ነበር።

በዓመቱ ቤቷን ለቃ ወደ አንኮበር፣ ወደ አባቷ ርስት ገባች። የሐኪሞቹን ሁለት ዓመት በእጥፍ፣ ከዚያም በእጥፍ አድርጋ ስምንት ዓመት ኖረች። በየጊዜው አዲስ አበባ እየሄደች ራጅ ትነሣለች፤ ያ የማይታይ እሳት ሳንባዋን አጽድቶላት ነበር አሉ፣ የተመለሰባት በኋላ ነው፣ በአጥንቷ። ከአንኮበር ነጋዴ በመጣ ቁጥር "ሙሉ ደህና ናት ወይ? ሳሚልኝ" የሚል መልእክት ይደርሰኛል። "ደህና ናት፣ ትማራለች በላት" ብዬ እመልሳለሁ። ስሞሽውን ግን አንድም ቀን አላደረስኩም። እነግራታለሁ ያልኩትም ሳይሆንልኝ ስምንት ዓመት ሞላ።

እንግዲህ ያን ቅዳሜ ከገበያ እያለቀስኩ ገባሁ። ሙሉ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ አልፎኛል። "ምነው እማዬ?" ብላ ዘንቢሉን ተቀበለችኝ።

"እትዬ በለጡ አረፈች።"

"ያች የጎረቤታችን ሴትዮ?" ትከሻዋን ሰበቀች። "እሷ እኮ ትጠየፈን ነበር። ምን ያስለቅስሻል?"

ቃሌን ነው መልሳ የሰጠችኝ። "ነገ ለቅሶ እንሄዳለን፣ ነጠላሽን አዘጋጂ" ብቻ አልኳት።

እሑድ ረፋድ ላይ አንኮበር ወዳለችው ጎረቤላ በሚወርድ የጭነት መኪና ላይ፣ የገብስ ጆንያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ሁሉንም ነገርኳት። መድኃኒቱን፣ ሰማንያ ቀኑን፣ ከአጥሩ ባሻገር ጀርባዋን የሰጠቻት ለምን እንደነበር፣ እኔ ምን እንዳደረግሁ። ነፋሱ ቃሌን እየነጠቀኝ ሁለቴ ሁለቴ መናገር ነበረብኝ። ስጨርስ ሙሉ ፊቷን አላዞረችም።

"ታውቂ ነበር?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ስምንት ዓመት ሙሉ?"

"ስምንት ዓመት ሙሉ።"

 ይቅርታ አድርጊልኝ ልል አፌን ስከፍት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው፤ አንኮበር እስክንደርስም አልገለጠችው።

ለቅሶው ዳስ ውስጥ ነው። ሰው እንደገባ የሚያደርገውን አድርጌ፣ ደረቴን መትቼ፣ ከበሩ አጠገብ ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጥኩ። ሙሉ ግን አልተቀመጠችም። ነጠላዋን አዘቀዘቀችና በለቀስተኛው መሃል አልፋ ቀጥታ ወደ ዘመዶቹ ረድፍ ሄደች። እዚያ ከመሬት ቁጭ አለችና እንዲህ ዓይነት ልቅሶ አለቀሰች፣ ሙሾ አውራጇ እንኳ ዝም አለች። የበለጥሻቸው አክስት፣ ዓይናቸው የደከመ አሮጊት፣ እጃቸውን ራሷ ላይ አሳርፈው "አንቺ ልጅ፣ ምኗ ነሽ?" አሏት።

የክርስትና ልጇ ነኝ ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። እውነትም ነው፣ ማንም አይቀየምበትም።

"ልጇ ነኝ" አለች።

"በለጡ ልጅ አልነበራትም እኮ፣ የኔ እመቤት።"

"ነበራት። እኔ ነኝ።"

አሮጊቷ ብዙ አልጠየቁም፤ ሴቶቹን ገፋ ገፋ አድርገው ከአጠገባቸው ቦታ ሰጧት። እኔ ከበሩ አጠገብ ሆኜ አየኋቸው። ሞታለች፣ አፈር ተጭኗታል፣ እኔ አሁንም ቀናሁባት! ተነሥቼ "እናቷ እኔ ነኝ፣ የወለድኳት እኔ ነኝ!" ብዬ ልጮህ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አንዲት ሴት ውሃ ልትሰጠኝ ጎንበስ ብላ፣ "እርስዎስ፣ ከልጇ ጋር ነው የመጡት?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት። "ከልጇ ጋር ነው የመጣሁት።"